ተነቦ ያልተመለሰ የተማሪ ጥያቄ፦ በምን ትከታተሉታላችሁ?

ጠያቂ፦ ውሃልክ

የተከበራችሁ የሙያ ባልደረቦቼ፣

በባሕር ዳር ከተማ በሚገኝ አንድ የከፍተኛ ትምህርት ተቋም የውሃ ሀብት ምህንድስና አስተምራለሁ። በዚህ ሴሚስተር ሦስት ሴክሽኖች የያዝኩ ሲሆን ተማሪዎቹ በድምሩ 170 ያህል ናቸው። አሳይመንትና የፕሮጀክት ረቂቅ የሚያስገቡት በሙድል፣ ማለትም በኢንተርኔት በሚሠራው የትምህርት መስጫ ሥርዓት ነው። ጥያቄና አስተያየታቸው ግን ከአራት አቅጣጫ ይመጣል፤ ከሙድሉ የውይይት መድረክ፣ ባስገቡት ሥራ ግርጌ ከሚጽፉት አስተያየት፣ ከቴሌግራም ቡድናችን፣ እንዲሁም ረቂቃቸውን በጎግል ዶክስ ሲያጋሩኝ በጠርዙ ከሚያሰፍሩት ማስታወሻ። ከክፍል ስወጣ በር ላይ ጠብቀው የሚጠይቁኝን አልቆጠርኩም።

ችግሬን በአንድ ምሳሌ ላስረዳ። ባለፈው ሴሚስተር የጣና ሐይቅን የውሃ ሚዛን የሚያሰላ አሳይመንት ሰጥቼ ነበር። የመጀመሪያው ጥያቄ «በጣና በዓመት 1,300 ሚሊሜትር ዝናብ ቢዘንብ ከዝናብ የሚገኘው ውሃ ስንት ሜትር ኩብ ይሆናል?» ይላል። አንዲት ተማሪ ባስገባችው ረቂቅ ግርጌ «መምህር፣ ዝናቡን የማባዛው በሐይቁ ገጽ ስፋት ብቻ ነው ወይስ በተፋሰሱ በሙሉ?» ብላ ጻፈች። ጥያቄዋ ትክክለኛ ነበር። የሐይቁ ገጽ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፣ ተፋሰሱ፣ ማለትም ውሃው ወደ ሐይቁ የሚፈስበት አካባቢ በሙሉ፣ ሐይቁን ጨምሮ 15,000 ያህል ነው፤ በመጀመሪያው ሲባዛ 3.9 ቢሊዮን፣ በሁለተኛው ሲባዛ 19.5 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ይወጣል። ከዚያ ቀጥሎ የሚመጣው ሁሉ፣ የግልገል ዓባይ፣ የጉማራ፣ የርብና የመገጭ ፍሰት፣ ትነቱ፣ በሐይቁ መውጫ ላይ ባለው በጨረጨራ ግድብ በኩል የሚወጣውና ወደ በለስ የሚሄደው ውሃ፣ በዚህች መነሻ ላይ የተንጠለጠለ ነው። «በጣና» ብዬ አሻሚ አድርጌ የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ተማሪዋ ያየችውን እኔ አላየሁትም።

አስተያየቷን አንብቤዋለሁ። ያነበብኩበትን ቦታ ሳይቀር አስታውሳለሁ፤ በባጃጅ ወደ ቤቴ ስሄድ በስልኬ ከፍቼ «ማታ እመልስላታለሁ» ብዬ ዘጋሁት። ማታ መብራት አልነበረም፣ በማግስቱ የሌላ ሴክሽን ፈተና ነበረብኝ፣ በሦስተኛው ቀን ከነጭራሹ ተረሳኝ። ከ19 ቀን በኋላ ለማረም ስቀመጥ 23 ተማሪዎች ዝናቡን በተፋሰሱ ስፋት አባዝተው፣ አብዛኞቹም በላዩ ላይ የአራቱን ወንዞች ፍሰት ጨምረው፣ አንዱን ውሃ ሁለት ጊዜ ቆጥረውት አገኘሁ። ነጥብ ቀነስኩባቸው። የተማሪዋን አስተያየት እንደገና ያየሁት ውጤቱ ከተላከ በኋላ ነው።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ሞክሬያለሁ። የስልኬን ማሳወቂያ ሁሉ ከፈትኩ፤ በሁለተኛው ሳምንት ድምፁን መስማት ትቼ ዘጋሁት። ማታ ማታ አራቱንም ቦታ ለመዞር ወሰንኩ፤ ከሁለት ሳምንት በላይ አልዘለቅሁበትም። አጽድቼ የጨረስኩ ሲመስለኝ ጠዋት እንደ እምቦጭ ተመልሶ ሐይቁን ሞልቶት ይጠብቀኛል።

ስለዚህ የምጠይቀው ስለ ትጋት አይደለም፤ «ጊዜህን አብቃቃ» የሚለውን ምክር ከቤቴም እሰማዋለሁ። የምፈልገው የትኛው ጥያቄ እንደተመለሰና የትኛው እንዳልተመለሰ በማንኛውም ሰዓት ሊያሳየኝ የሚችል፣ ገንዘብ የማይከፈልበት፣ ኢንተርኔት በተቋረጠ ቁጥር የማይፈርስ አሠራር ነው። እናንተ በምን ትከታተሉታላችሁ?


መልስ፦ ሰሌዳና ጠመኔ

ወንድሜ ውሃልክ፣

ጥያቄዎን ደግሜ ሳነበው «አንብቤዋለሁ» ካሉት ቃል ላይ ቆምኩ፤ ጉዳዩ በሙሉ እዚያች ውስጥ ያለ ይመስለኛል። መሣሪያዎቹ ሁሉ የሚቆጥሩልዎት ያልተነበበውን ነው። አንድን መልእክት በከፈቱት ቅጽበት የደመቀው ፊደል ይደበዝዛል፣ ቀይዋ ቁጥር ትጠፋለች፤ ለማሽኑ ነገሩ አለቀ። ለተማሪው ግን ገና አልተጀመረም። እርስዎ ያጡት ያልተመለሰውን የሚቆጥር ነገር ነው፤ ይህንን ደግሞ ከስልክ በፊትም ማሽን አልቆጠረልንም።

እኔ ማስተማር የጀመርኩት ፔዳ፣ ዛሬ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ግቢ የሆነው፣ ገና የመምህራን ኮሌጅ ሳለ ነው። ያን ጊዜ ተማሪዎች ጥያቄያቸውን በብጣሽ ወረቀት ጽፈው በቢሮዬ በር ሥር ያስገቡልኝ ነበር። ብጣሹ በመጽሐፍ መካከል እየገባ ስለጠፋብኝ አንድ ደብተር ገዝቼ በአራት ዓምድ ከፈልኩት፤ ቀን፣ የተማሪው ስም፣ ጥያቄው በአራት ወይም በአምስት ቃል፣ መጨረሻ ላይ የመለስኩበት ቀን። ዛሬም የምሠራበት በዚሁ ነው። ጥያቄው በቴሌግራም ይምጣ በበር ላይ ልዩነት የለውም፤ ከደብተሩ ካልገባ እንደተጠየቅሁ አልቆጥረውም፣ ከገባ በኋላ ደግሞ አራተኛው ዓምድ እስኪሞላ ድረስ ዕዳ ነው። ዓርብ ከሰዓት በኋላ ጣቴን በአራተኛው ዓምድ ላይ ከላይ ወደ ታች አወርዳለሁ፤ ባዶ ቦታ ያገኘሁበት ላይ እቆማለሁ። መብራት ቢጠፋም ሻማ ይበቃዋል።

ሁለት ነገር ልጨምር። አንደኛው፣ መልስ ለመጻፍ በማልችልበት ሁኔታ፣ ለምሳሌ እርስዎ እንዳሉት በባጃጅ ላይ ሆኜ፣ የተማሪ ጥያቄ አልከፍትም። ከፍቶ መተው ካለመክፈት የከፋ ነው፤ ያልተከፈተው ቢያንስ ራሱን ያስታውሳል። ሁለተኛው፣ የደብተሬ የመጨረሻ ገጾች ለአንድ ጉዳይ የተለዩ ናቸው፤ ሦስት ተማሪዎች አንድ ጥያቄ ከጠየቁኝ ያ ጥያቄ የተማሪዎቹ ሳይሆን የወረቀቴ ጉድለት ስለሆነ፣ እዚያ ጽፌ በሚቀጥለው ዓመት አሳይመንቱን አስተካክላለሁ። እርስዎ «በጣና» ያሉትን «በጣና ሐይቅ ገጽ ላይ» ብለው ቢያርሙት የሚቀጥለው ዓመት ተማሪዎች የሚጠይቁት አይኖርም።

ልጆቼ በደብተሬ ይስቃሉ። ይሳቁ።


መልስ፦ የጓዳ ሰው

ሰላም ለሁላችሁ። እኔ መምህር አይደለሁም፤ በአንድ ተቋም የትምህርት መስጫ ሥርዓቱን፣ ማለትም ሙድልን፣ ከጓዳ ሆኖ የሚያስተዳድር ባለሙያ ነኝ። ከላይ ያሉት አባታችን በተናገሩት እስማማለሁ፤ ነገር ግን ሥርዓቱ ራሱ ሊሠራላችሁ የሚችለውንና ሳታውቁ የሚያጠፋባችሁን ነገር መለየት ስለሚጠቅም ጥቂት ላብራራ።

በውይይት መድረኩ ያልተነበበን ጽሑፍ የሚያሳየው ምልክት ዘላለማዊ አይደለም። አስተዳዳሪው ካልቀየረው በቀር፣ አንድ ጽሑፍ 14 ቀን ከሞላው ሥርዓቱ እንደተነበበ ይቆጥረዋል። መምህሩ የሁለት ሳምንት የመስክ ሥራ ላይ ቆይቶ ሲመለስና ገጹን ሲከፍት ንጹሕ ሆኖ የሚያገኘው ለዚህ ነው፤ ጥያቄዎቹ እዚያው አሉ፣ ምልክታቸው ብቻ ጠፍቷል። የውሃልክ ተማሪ የጻፈችው ግን ባስገባችው ሥራ ግርጌ ስለሆነ ይህም አይመለከታትም፤ እዚያ «ተነቧል፣ አልተነበበም» የሚል ምልክት ጨርሶ የለም። የምታዩት የአስተያየቶቹን ብዛት የሚያሳይ ቁጥር ብቻ ነው፤ ቁጥሩም ማን እንደጻፈ አይናገርም። ደግሞም መምህሩ ውጤት ሲሰጥ ለተማሪው የሚጽፈው ግብረ መልስና ተማሪው በሥራው ግርጌ የሚጽፈው አስተያየት ሁለት የተለያዩ ሳጥኖች ናቸው። ተማሪው ከግብረ መልሱ ሥር መልስ መጻፍ አይችልም፤ ስለዚህ ንግግሩ አንዱ በአንድ ክፍል ሌላው በሌላ ክፍል ሆነው እንደሚነጋገሩ ሰዎች ይሆናል።

በብዛት የሚያጋጥመኝ ስሕተት ደግሞ የመድረኩ ዓይነት ምርጫ ነው። ሙድል ውስጥ «የጥያቄና መልስ መድረክ» የሚባል ዓይነት አለ። መምህራን ስሙን አይተው ተማሪዎች እንዲጠይቁበት ይከፍቱታል። የተሠራው ግን ለተገላቢጦሹ ነው፤ ጥያቄውን የሚያቀርበው መምህሩ ሲሆን፣ ተማሪው የራሱን መልስ ካልጻፈ በቀር ሌሎቹ የጻፉትን አያይም። ለክፍል ውይይት ጥሩ ነው። ተማሪ እንዲጠይቅበት ከሆነ ግን ተራውን፣ ሁሉም የሁሉንም የሚያይበትን መድረክ ክፈቱ፤ አንዱ የጠየቀውን ሌላው አይቶ ይተወዋል።

አንዳንድ መምህር «ተማሪው ጻፍኩልዎት ይላል፣ ኢሜይሌ ግን ባዶ ነው» ብሎ ይደውልልኛል። መድረኩ ላይ የተጻፈ ነገር ጸሐፊው እንዲያርመው 30 ደቂቃ ይሰጠዋል፤ ኢሜይሉ የሚላከው ከዚያ በኋላ ነው። ማንም አልዋሸም።

ወደ ዋናው ነጥብ ልመለስ። ያልተመለሰ ጥያቄን ለማወቅ ከሁሉ የቀለለው መለኪያ «በመጨረሻ የተናገረው ማነው?» የሚለው ነው። ሥርዓቱ ለእያንዳንዱ ውይይት መጨረሻ የጻፈውን ሰውና ሰዓቱን ይመዘግባል፤ ስለዚህ የመጨረሻው ቃል የተማሪ የሆነበትን ውይይት ሁሉ ከአሮጌው ወደ አዲሱ ደርድሮ የሚያወጣ ዝርዝር ማዘጋጀት ለአስተዳዳሪ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። እኔ ለጠየቁኝ መምህራን አዘጋጅቼ በየሰኞ ጠዋት እልክላቸዋለሁ። አስተዳዳሪያችሁ ፈቃደኛ ካልሆነ በእጃችሁም ይሠራል፤ የውይይቶቹ ዝርዝር ላይ «የመጨረሻ ጽሑፍ» የሚለው ዓምድ የጻፈውን ሰው ስም ያሳያል፣ በቀን ደርድሩትና የራሳችሁ ስም የሌለበትን ረድፍ ተመልከቱ። ጎግል ዶክስ ላይ ደግሞ እያንዳንዱ ማስታወሻ መፍትሔ ሲያገኝ የሚጫን የትክክል ምልክት ስላለው ክፍት የቀሩትን ብቻ አጣርቶ ማየት ይቻላል፤ ምልክቱን የሚጫነው ግን የመለሰው መምህር ሳይሆን የጠየቀው ተማሪ ይሁን፤ መልሱ እንደገባው የሚያውቀው እርሱ ነውና።

መለኪያው ሁለት ክፍተት አለው፤ ሳልደብቅ ልናገር። ተማሪ «እሺ መምህር፣ አመሰግናለሁ» ብሎ ሲጽፍ የመጨረሻው ቃል የእርሱ ስለሆነ ዝርዝሩ ላይ እንዳልተመለሰ ሆኖ ይወጣል። ይህ ምንም አይደለም፣ በዓይን ይታለፋል። አደገኛው ተቃራኒው ነው፤ መምህሩ «እመለስበታለሁ» ብሎ ከጻፈ ዝርዝሩ እንደተመለሰ ቆጥሮት ከነጭራሹ ይሰውረዋል። ስለዚህ እነዚያ የኔ መምህራን «እመለስበታለሁ» የሚለውን ቃል ትተዋል፤ ወይ ይመልሳሉ ወይ ዝም ይላሉ።


መልስ፦ የቀድሞ ተወካይ

መምህራኖቼ፣ በመካከላችሁ ስገባ ይቅርታ እየጠየቅሁ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት እዚሁ ባሕር ዳር ተመርቄያለሁ፤ ሦስት ዓመት የ58 ተማሪዎች የክፍል ተወካይ ነበርኩ። ከእኛ ወገን ሆኖ ነገሩ ምን እንደሚመስል ብናገር ይጠቅም እንደሆነ ብዬ ነው።

ተማሪ አንድ ጊዜ ይጠይቃል። ሁለተኛ ጊዜ መጠየቅ መምህርን እንደ መነዝነዝ ስለሚቆጠር፣ መልስ ካጣ «ጥያቄዬ የማይረባ ሆኖ ነው» ብሎ ይተወዋል ወይም የዶርም ጓደኛውን ይጠይቃል፤ ጓደኛውም ያላወቀውን በእርግጠኝነት ይነግረዋል። ውሃልክ ያገኟቸው 23 ተማሪዎች እንዲሁ አንድ ሌሊት በአንድ ዶርም ውስጥ የተስማሙ ሊሆኑ ይችላሉ፤ የኛ ክፍል እንደዚያ ነበር። ስለዚህ እባካችሁ «ካልገባቸው ደግመው ይጠይቁኛል» ብላችሁ አትጠብቁ።

ሌላው ሰዓቱ ነው። የምንጽፈው በአብዛኛው ማታ ከ3 ሰዓት በኋላ፣ ማስረከቢያው ሊደርስ አንድ ቀን ሲቀረው ነው። ይህ የኛ ጥፋት እንደሆነ አውቃለሁ፤ ነገር ግን በዚያ ሰዓት መልስ የሚጠብቅ ተማሪ የለም። የሚጠብቀው ጥያቄው እንደደረሰ ማወቅን ነው። አንድ መምህራችን በኮርሱ የመጀመሪያ ቀን «ማክሰኞና ዓርብ ጠዋት እመልሳለሁ፣ በሌላ ቀን አትጠብቁኝ» ብለው ሰሌዳ ላይ ጻፉልን፤ እስከ ሴሚስተሩ መጨረሻ ማንም አላማረረባቸውም፣ ማስረከቢያውንም እኛው ራሳችን ከማክሰኞ አንጻር ማስላት ጀመርን።

በተወካይ በኩል ጥያቄ መሰብሰብን በተመለከተ ልምዴ የተደባለቀ ነው። በየሐሙሱ የክፍሉን ጥያቄዎች ሰብስቤ ተመሳሳዮቹን አጣምሬ በአንድ መልእክት እልክ ነበር፤ 20 የነበረው ወደ 6 ወይም 7 ይወርዳል፣ መምህሩም በቴሌግራም ድምፅ ቀድተው በአምስት ደቂቃ ይመልሱልናል። ይህ ጥሩ ነበር። ነገር ግን አንድ ቀን የአንድ ልጅ ጥያቄ ሞኝነት መስሎኝ ከዝርዝሩ አወጣሁት። ፈተናው ላይ መጣ። ልጁ ምንም አላለኝም፤ እኔ ግን ከዚያ በኋላ ያልገባኝን ጥያቄ ጭምር እንዳለ መላክ ጀመርኩ። ስለ ውጤት፣ ስለ ሕመም፣ ስለ ቤተሰብ ጉዳይ የሚጻፈው ደግሞ በምንም መንገድ በተወካይ እጅ ማለፍ የለበትም፤ በተለይ ሴት ተማሪዎች ይህን ጉዳይ ደጋግመው ይነግሩኝ ነበር።


መልስ፦ አረንጓዴ ማሳ

እኔ ከሁላችሁም ትንሽ እለያለሁ። እስካሁን የተባለው ሁሉ አራት በር ያለውን ቤት እንዴት እንጠብቅ የሚል ነው፤ ሦስቱን በር ለምን አትዘጉም?

የግብርና ትምህርት አስተምራለሁ። ተማሪዎቼ ግማሹን ሴሚስተር ፎገራ ሜዳ ላይ በሩዝ ማሳ መካከል ያሳልፋሉ፤ አንዳንዱ መንደር ኔትወርክ ይይዛል፣ አንዳንዱ አይዝም። መጀመሪያ እንደ ውሃልክ በሁሉም መንገድ እቀበል ነበር፤ ተማሪም አንዱን ጥያቄ በሦስት መንገድ ይልክልኛል፣ እኔም በአንዱ መልሼ በሁለቱ ያልመለስኩ እየመሰለኝ እጨነቃለሁ። አሁን የኮርሱ ጥያቄ የሚቀርበው በሙድል የውይይት መድረክ ብቻ ነው። በሥራው ግርጌ የጻፈ፣ በቴሌግራም የላከ ሁሉ አንድ ዓይነት ትሑት ዓረፍተ ነገር ይደርሰዋል፤ «ጥያቄህን መድረኩ ላይ ጻፈው፣ ለሌሎችም ይጠቅማል»። ይህን የተዘጋጀ ዓረፍተ ነገር ስልኬ ላይ አስቀምጬ ከመለጠፍ በቀር ሌላ ድካም የለብኝም። በመጀመሪያው ወር ቅር ይላቸዋል፤ በሁለተኛው ይለምዱታል። የግል ጉዳይ ያለው ረቡዕ ከ8 እስከ 10 ሰዓት ቢሮዬ ይመጣል። ከመስክ የማይመለስ ከሆነ ይደውላል፤ ስልክ የመደወል ነገር ጭራሽ የተረሳ ይመስለኛል።

መልስም ለየብቻ አልሰጥም። መድረኩ ላይ የተከማቸውን በሳምንት ሁለት ቀን አንብቤ፣ ተመሳሳዮቹን አንድ ላይ አድርጌ፣ አንድ ረዘም ያለ ጽሑፍ እጽፍና ጥያቄዎቹ በየተነሡበት ውይይት ሥር ወደዚያ የሚያመለክት አንድ መስመር አኖራለሁ። ከዚያ ውይይቱን እቆልፈዋለሁ። ሳይቆለፍ የቀረ ውይይት ካለ ያልመለስኩት እርሱ ነው፤ ዝርዝርም ደብተርም አያስፈልገኝም።

የጓዳ ሰው ስለሚልኩት የሰኞ ዝርዝር አንድ ስጋት አለኝ። ለመምህሩ ለራሱ ብቻ ሲደርሰው መልካም ነው። ውሎ አድሮ ለትምህርት ክፍል ኃላፊ መድረስ ከጀመረ፣ ከዚያም የመምህር ምዘና ውስጥ ከገባ ግን፣ ሁላችንም የመጨረሻውን ቃል የራሳችን ለማድረግ ብቻ «እሺ» እያልን እንጽፋለን። ቁጥሩ ዜሮ ይሆናል፤ ተማሪውም እንደ ድሮው ዶርም ውስጥ ይጠያየቃል።


መልስ፦ የጓዳ ሰው

አረንጓዴ ማሳ የጠቀሱት ስጋት ትክክል ነው፤ አንድ ኃላፊ ጠይቀውኝም ነበር፤ ዝርዝሩ የመምህሩ የግል ማስታወሻ እንደሆነ አስረድቼ አልሰጠሁም። ስለ መቆለፉ ግን አንድ ጥንቃቄ ላንሣ። የተቆለፈ ውይይት ውስጥ ተማሪው «አልገባኝም» ብሎ መጻፍ አይችልም፤ አዲስ ውይይት ሊከፍት ይገባል፣ የቀድሞ ተወካይ እንዳሉት ደግሞ ብዙው አይከፍትም። ከመለሱ በኋላ ሁለት ወይም ሦስት ቀን ጠብቀው ቢቆልፉት የተሻለ ይመስለኛል።


መልስ፦ ውሃልክ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ሰሌዳና ጠመኔ «አንብቤዋለሁ» የሚለውን ቃሌን ያዩበት ዓይን ብዙ አስተምሮኛል፤ ለወራት ስታገል የነበረው ካልተነበበው ጋር ነበር። የአረንጓዴ ማሳን አሠራር በሙሉ ለመውሰድ ድፍረቱ የለኝም፤ የፕሮጀክት ረቂቅ ላይ በጠርዝ መነጋገር ለኔ ትምህርት የግድ ስለሆነ ጎግል ዶክሱን እንዳለ አቆየዋለሁ። ቴሌግራሙንና የሥራ ግርጌውን ግን ከዛሬ ጀምሮ ዘግቻለሁ፤ ማክሰኞና ዓርብ የሚለውንም ሰሌዳ ላይ እጽፋለሁ።

አንድ የቀረኝ ነገር አለ። ውጤታቸው ያለፈው 23 ተማሪዎች ጉዳይ ነው። ሴሚስተሩ ተዘግቷል፤ አንዱም ስሞታ አላቀረበም። እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጋላችሁ?


መልስ፦ ሰሌዳና ጠመኔ

ስሞታ አለማቅረባቸው መልስ አይሆንም፤ ልጁ ከላይ እንደነገረን ተማሪ አንድ ጊዜ ነው የሚጠይቀው፤ ተማሪዋም ጠይቃ ነበር። ጥያቄው አሻሚ ከነበረና ማብራሪያ ተጠይቀው ካልሰጡ ጉድለቱ የእርስዎ ስለሆነ፣ የውጤት ማስተካከያ ቅጽ ሞልተው ምክንያቱን በግልጽ ይጻፉ። ምክንያቱ ላይ «የመምህሩ ስሕተት» ብሎ መጻፍ እጅ ያንቀጠቅጣል፤ እኔም ሁለት ጊዜ ጽፌዋለሁ። ኃላፊው ቢቆጣ ለአንድ ቀን ነው።


መልስ፦ ውሃልክ

ዛሬ ጠዋት የ23ቱንም ወረቀት እንደገና አየሁት። በተፋሰሱ ስፋት መጀመራቸውን ብቻ እንደ ስሕተት አልቆጠርኩትም፤ ከእነርሱ መካከል 5ቱ የወንዞቹን ፍሰት ሳይጨምሩ፣ በመሬቱ ላይ የሚተነውን ውሃ ቀንሰው የሠሩት ስለሆነ ሙሉ ነጥብ ሰጥቻቸዋለሁ። የቀሩት 18 ውሃውን ሁለት ጊዜ የቆጠሩት መነሻው አሻሚ ስለነበረ የዚያን ክፍል ነጥብ መለስኩላቸው። ቅጹን ከሰዓት በኋላ ለትምህርት ክፍል አስገባለሁ።

ለተማሪዋም በዚያው በሥራዋ ግርጌ «በሐይቁ ገጽ ስፋት ብቻ ነው፤ ጥያቄሽ ትክክል ነበር፣ የዘገየሁት እኔ ነኝ» ብዬ ጻፍኩላት። ከጥያቄዋ በታች፣ ከአራት ቀን በኋላ የጻፈችው ሌላ አስተያየት እንደነበረ ያየሁት ያን ጊዜ ነው፤ «ግድ የለም መምህር፣ በተፋሰሱ ሠራሁት» ይላል።

የጓዳ ሰው በነገሩኝ መንገድ የዚህን ሴሚስተር ዝርዝር በእጄ አውጥቻለሁ፤ 41 ረድፍ ሆነ። እስከ አሁን 32ቱን መልሻለሁ። ከቀሩት 9 ውስጥ ሦስቱ «እሺ መምህር» የሚሉ ናቸው።